ከሽመና እስከ መኪና፦ መስመሩን የማቆም መብት ታሪክ



የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የዝግጅት ክፍሉ ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ምን እጽፋለሁ?» የሚል ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ግን «ዩኒቨርሲቲ ሳለህ የተማርከውን አልረሳህም፤ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ቶዮታ ላይ ተቀምጠህ ትውላለህ። ስለሱ ጻፍ» አለኝ። እሱ ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን የምር አድርጌ ወሰድኩት።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት፣ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በ1993 ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄ ሰሞን ነው ትምህርቴን አቋርጬ በናይሮቢ በኩል የወጣሁት። ከምንማራቸው ትምህርቶች አንዱ የፋብሪካ ሥራ አመራር ነበር። ስለ ጥራት ቁጥጥር፣ ስለ መጋዘን ክምችትና ስለ ማሽን ጥገና በእንግሊዝኛ የተባዛ ጽሑፍ ይሰጠን ነበር። ቀመሩን ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን፤ ፋብሪካ የገባነው ግን አንድ ቀን ለጉብኝት ብቻ ነው። ጥራት፣ ክምችትና ጥገና ለየብቻ የሚጠኑ ሦስት ምዕራፎች ሳይሆኑ አንድ ነገር መሆናቸውን የተረዳሁት እዚህ አገር መጥቼ፣ በመጋዘን ሠርቼ፣ በኋላም መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ነው።

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በ880 መንገድ ስትወርዱ፣ ፍሪሞንት ላይ በስተግራ በኩል አንድ እጅግ ግዙፍ ፋብሪካ ይታያችኋል። ዛሬ የቴስላ መኪና ይሠራበታል። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ የተደረገውን ነገር የዓለም የንግድ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ያስተምሩታል። እኛ ግን በአጠገቡ በየቀኑ እያለፍን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ሕንፃ በጣም ርቆ፣ ከአንድ የሸማኔ መንደር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ጃፓን ውስጥ ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ግዛት፣ በአንድ የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሸምናል። በሳኪቺ መንደር ግን እቤት ተቀምጠው የሚሸምኑት ሴቶቹ ነበሩ። ልጁ የሴቶቹን ድካም እያየ አደገና የአባቱን መጋዝና መሮ ይዞ የሽመናውን መሣሪያ ማሻሻል ጀመረ። በ1891 ለመጀመሪያው የእንጨት የእጅ መሸመኛ የፈጠራ መብት ወረቀት አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሞተር ኃይል የሚሠራ መሸመኛ አወጣ።

በሞተር የሚሠራ መሸመኛ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። የእጅ ሸማኔ ማጉ ሲበጠስ ወዲያው ያውቃል፤ እጁ ይነግረዋል። ሞተር ግን እጅ የለውም። ክሩ ቢበጠስም መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ መሮጡን ይቀጥላል፤ ጨርቁም እየተበላሸ ይጠቀለላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መሣሪያ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ክር ሲጠብቅ መዋል ነበረበት። ሳኪቺ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ክሩ ሲበጠስ መሣሪያው ራሱ እንዲቆም ነው። ከልጁ ከኪይቺሮ ጋር በ1924 ያወጡት መሸመኛ ድሩ ወይም ማጉ ሲበጠስ ወዲያው ቀጥ ይላል፤ መወርወሪያውንም ሥራ ሳያቋርጥ ይለውጣል። አንዲት ሠራተኛ 30 ያህል መሣሪያ መጠበቅ ቻለች። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ የሽመና ማሽን ኩባንያ ለዚህ ፈጠራ መብት 100,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። የማንቸስተር አካባቢ ሰዎች ከአንድ ጃፓናዊ የአናጢ ልጅ የሽመና ጥበብ ሲገዙ አስቡት!

ጃፓኖች ይህንን አሠራር «ጂዶካ» ይሉታል። ቃሉ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሲጽፉት ከፊደሉ ላይ «ሰው» የሚለውን ምልክት ይጨምሩበታል። የሰው አስተዋይነት የተጨመረበት ማሽን እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የማሽኑ ትልቅ ሙያ መሥራቱ አይደለም። መቆሙን ማወቁ ነው።

ሳኪቺ በ1930 ሞተ። ልጁ ኪይቺሮ ከሽመናው ኩባንያ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ በ1937 ቶዮታ የመኪና ኩባንያ ራሱን ችሎ ቆመ። ኪይቺሮ በ1938 በተከፈተው አዲስ ፋብሪካ «ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው መጠን ብቻ ይቅረብ» የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር። ጦርነቱ መጣና ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው ችግር ሊተረክ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የጃፓን አሠራር ከጥበብ ብዛት የመጣ ይመስለዋል። ከእጦት ነው የመጣው። በ1949 የአሜሪካ አስተዳደር የጃፓንን የዋጋ ንረት ለመግታት ገንዘብ በጥብቅ እንዲያዝ አደረገ። መኪና ገዢ ጠፋ፤ ቶዮታ ለሠራተኛ የሚከፍለው አጣ፤ ባንኮች ሠራተኛ ቀንሱ አሉ። በ1950 የጸደይ ወራት ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። በመጨረሻ ከ1500 በላይ ሠራተኞች ሲሰናበቱ፣ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ የነበረው ኪይቺሮም አብሮ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው በጁን ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ የአሜሪካ ጦር ከቶዮታ የጭነት መኪና ማዘዝ ጀመረ፤ ኩባንያው ከሞት ተረፈ። ኪይቺሮ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1952 አረፈ። በዚያ ጦርነት የእኛ የቃኘው ሻለቃም እንደ ዘመተ ሳስታውስ ታሪክ ሰዎችን በማያውቁት መንገድ እንደምታገናኝ ይገርመኛል።

በዚያው በ1950 የኪይቺሮ የአጎት ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ ዲትሮይት አጠገብ ያለውን የፎርድ ሩዥ ፋብሪካ ሊጎበኝ መጣ። ፎርድ በቀን 8000 ያህል መኪና ሲያወጣ ቶዮታ የሚያወጣው 40 ያህል ነበር። እንደ ፎርድ መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ አከማችቶ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በሺህ እያባዛ ለመሥራት ገንዘቡም ቦታውም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ታይኢቺ ኦኖ የሚባለው ሰው ይመጣል። ኦኖ በ1912 ማንቹሪያ ውስጥ የተወለደ፣ በ1932 በሽመናው ኩባንያ ተቀጥሮ በ1943 ወደ መኪናው የተዛወረ፣ ቁጡና ቃሉን የማይመርጥ የሥራ አለቃ ነበር። አዲስ አለቃ ሲመጣለት ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራና «እዚህ ቆመህ እይ» ብሎት ይሄዳል ይባላል። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ «ምን አየህ?» ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንዲህ ያለ አስተማሪ ቢኖረን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ቀመር ይልቅ እሱ ይጠቅመን ነበር።

ኦኖ ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ ሳይሆን ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። ሱፐርማርኬት ደንበኛው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ከመደርደሪያ ያነሣል፤ ባለ ሱቁም የተነሣውን ያህል ብቻ ይተካል። ፋብሪካውም እንዲህ ቢሆንስ? ብሎ አሰበ። ከዚያ በፊት በነበረው ደንብ እያንዳንዱ ክፍል በዕቅዱ መሠረት የቻለውን ያህል እያመረተ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገፋ ነበር፤ የሚቀጥለው ክፍል ፈለገው አልፈለገው ጉዳዩ አይደለም። ኦኖ ገለበጠው። የኋለኛው ክፍል ሲያልቅበት ወደ ፊተኛው ሄዶ ይወስዳል። ትእዛዙም «ካንባን» የምትባል ካርድ ናት። የዕቃው ሣጥን ሲከፈት ካርዷ ወደ ሠሪው ክፍል ትመለሳለች፤ ካርዷ ካልተመለሰች አንድ ቡሎን እንኳ አይሠራም። ነገሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በአንድ ክፍል ተጀምሮ እስከ 1963 ድረስ ወደ ሁሉም ፋብሪካዎቻቸው ተዳረሰ።

እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር የምከራከር ይመስለኛል። እናቴ ክረምት ሳይገባ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ማገዶውን ካላከማቸች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ዝናብ ይዘንብ አይዘንብ የማያውቅ ገበሬም ጎተራውን ቢሞላ ሞኝ አይባልም። ክምችት ስሙ ቢከፋም ለማይታወቅ ነገር መድን ነው። የኦኖ ክርክር ግን ሌላ ነው፦ ፋብሪካ ውስጥ የሚከማቸው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ መድን የሚሆነው ለዝናብ ሳይሆን ለራሳችን ጥፋት ነው። ማሽኑ ስለሚሰበር እናከማቻለን፤ ከአሥሩ ሁለቱ ብልሹ ስለሚሆን እናከማቻለን፤ ስታምፖ ለመቀየር ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ አንዴ ከቀየርን በሺህ እንሠራለን። ክረምት የሞላ ወንዝ ድንጋዩን እንደሚሸፍን፣ ክምችት ብልሽትን ይሸፍናል። ውኃው ሲጎድል ድንጋዩ ይታያል። ያኔ ወይ ድንጋዩን ታነሣለህ፣ ወይ ጀልባህ ይሰበራል።

ድንጋዩን ለማንሣት ምን ያህል እንደ ደከሙ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የመኪና አካል ከላሜራ የሚያወጣው የ1000 ቶን ፕሬስ ስታምፖውን ለመቀየር አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሺጌዎ ሺንጎ የሚባል መሐንዲስ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ በ1970 ገደማ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሦስት ደቂቃ አወረደው። አዲስ ማሽን አልገዙም። ማሽኑ ቆሞ የሚሠራውንና ማሽኑ እየሠራ ሊሠራ የሚችለውን ለዩ፤ ቀጣዩን ስታምፖ አስቀድመው አጠገቡ አዘጋጁ፤ ቡሎኑን አሳጠሩ።

የጥራቱን ነገር ከአንድ አሜሪካዊ ጋር ማንሣት ያስፈልጋል። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። በ1950 የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር ጋብዞት ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ ኃላፊዎች አስተማረ። ትምህርቱ ሲጠቀለል፣ ጥራት በመጨረሻ በር ላይ በቆመ ተቆጣጣሪ አይመጣም፤ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው የሚገባው ወይም የሚቀረው። አብዛኛውም ጥፋት የሠራተኛው ሳይሆን የአሠራሩ ነው፤ አሠራሩን መለወጥ የሚችለውም አለቃው ነው። ከትምህርቱ ጽሑፍ ሽያጭ የሚያገኘውን ገንዘብ አልወስድም ስላለ ጃፓኖቹ በ1951 በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። ቶዮታ በ1965 ይህን ሽልማት አገኘ። ገና በ1980 አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስላሳየው ነው ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዴሚንግን ፍለጋ የወጡት። በዚያን ጊዜ ሰውዬው ሰማንያ ሊሞላው ነበር። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ማለት ይህ ነው።

ጥገናውስ? ይህ ለኔ ሙያ የቀረበ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኦኖ ማሽን ሲቆም «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅን ያስተምር ነበር። ማሽኑ ለምን ቆመ? ፊውዙ ተቃጠለ። ለምን ተቃጠለ? ጭነት በዛበት፤ ኩሽኔታው ዘይት አላገኘም። ለምን አላገኘም? የዘይቱ ፓምፕ በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ፊልትሮ ስላልነበረው የብረት ብናኝ ገብቶበት ነው። በመጀመሪያው መልስ የረካ ሰው ፊውዝ ይቀይርና ይሄዳል፤ በሳምንቱ ፊውዙ እንደገና ይቃጠላል። ስንቶቻችን ነን ፊውዝ ስንቀይር የኖርን? የቶዮታ ዘመድ የሆነው ኒፖንዴንሶ ደግሞ ማሽን የሚነዳው ሠራተኛ ራሱ ይጥረገው፣ ዘይት ያጠጣው፣ ድምፁን ያዳምጠው፣ ቡሎኑን ያጥብቀው፤ መካኒኩ ለከባዱ ሥራ ይቅር በሚል መንገድ ሄዶ በ1971 በጃፓን በዚሁ ዘርፍ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ታክሲ ነጂ ይህ አይገርመውም። መኪናዬ ጋራዥ ሳትገባ በፊት ምን እንዳመማት አውቃለሁ፤ በቀን አሥር ሰዓት አብሬያት እውላለሁና።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን መናገርና መስማት ግን ሌላ። ይህን የማነሣው በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስላለ ነው። ወደዚህ አገር በመጣሁ በጥቂት ዓመታት፣ ታክሲ ሳልጀምር፣ በአንድ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ከፎርክሊፍቶቹ የአንዱ ፍሬን ይለምጣል። ለአለቃው ነገርኩት፤ «የዛሬው ቁጥር ይሙላና እናያለን» አለኝ። ቁጥሩ ሞላ፤ ያየው ግን የለም። ከሳምንት በኋላ ደግሜ ብነግረው «አንተ ወሬ ታበዛለህ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሦስተኛ ጊዜ አልተናገርኩም። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ወረቀቴም ገና አላለቀም ነበር። በወሩ አብሮን የሚሠራ፣ ከደሴ የመጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እግሩ በፎርክሊፍቱና በመደርደሪያው መካከል ተቀርቅሮ ተሰበረ። በማግስቱ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ግን ያነክሳል። ባገኘሁት ቁጥር ያቺ ሦስተኛ ጊዜ ትዝ ትለኛለች።

አሁን ወደ ፍሪሞንት እንመለስ። ፋብሪካውን ጄኔራል ሞተርስ በ1963 ከፈተው፤ በ1982 ዘጋው። ሲዘጋ የኩባንያው መጥፎ ስም ካላቸው ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። በማንኛውም ቀን ከሠራተኛው 20 በመቶ ያህሉ አይመጣም። ሠራተኛ ማኅበሩና አስተዳደሩ በጠላትነት ይተያዩ ነበር፤ መልስ ያላገኘ አቤቱታ በሺህ ተከማችቶ ነበር። መጠጥ ነበረ። የተናደደ ሠራተኛ ሆን ብሎ የሚያበላሸው ነበር፤ ገዢውን በጩኸት እንዲያሳብድ የለስላሳ ጠርሙስ በመኪናው በር ውስጥ ይከቱ እንደ ነበር ሠራተኞቹ ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ከሁሉ በላይ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረ፦ የመገጣጠሚያው መስመር አይቆምም። ሞተሩ በተሳሳተ ቦታ ቢገባም መኪናው ይሂድ፤ መጨረሻ ላይ በግቢው ውስጥ ፈታተን እናስተካክላለን። ያ ግቢ ብልሹ መኪና የሚከማችበት ጎተራ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1983 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ ተስማሙ። ፋብሪካው ኑሚ በሚል ስም በጋራ ይከፈታል፤ ሥራውን ቶዮታ ይመራል። ቶዮታ የአሜሪካን ሠራተኛ ማወቅ ፈልጓል፤ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ትንሽ መኪና አሠራር መማር። ከተቀጠሩት ሠራተኞች 85 በመቶ ያህሉ እነዚያው የድሮዎቹ ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ነው። በጄኔራል ሞተርስ በኩል ብዙ ሰው «አበዱ እንዴ?» አለ። ከመካከላቸው 450 ያህል የቡድን መሪዎችና አለቆች ጃፓን ተልከው ታካኦካ በሚባለው ፋብሪካ ከጃፓኖች ጎን እየሠሩ ተማሩ። በዲሴምበር 1984 ሥራ ተጀመረ።

ከሄይዋርድ ወደ ሳን ሆዜ አንድ ጊዜ ያሳፈርኳቸው የሜክሲኮ ተወላጅ ሽማግሌ በሁለቱም ዘመን እዚያ ሠርተዋል። ጃፓን ከተላኩት አንዱ ነበሩ። እንዲህ ብለው አጫወቱኝ፦ ታካኦካ በገቡ በሦስተኛው ቀን አንድ ቡሎን ጠምዝዘው ጥርሱን አበላሹት። በድሮው ልማድ ዝም ብለው ሊያሳልፉት ሲሉ አጠገባቸው ያለው ጃፓናዊ ከራሳቸው በላይ የተዘረጋውን ገመድ አሳያቸው። ሳቡት። ሙዚቃ ተሰማ፤ መብራት በራ፤ የቡድን መሪው እየሮጠ መጣ። «ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ» አሉኝ፤ «እሱ ግን አመስግኖኝ ቡሎኑን አብሮኝ ፈታ። አሥራ ስድስት ዓመት መኪና ስሠራ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም ነበር።»

ገመዱ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሠራተኛው ችግር ሲያይ ይስባል። መስመሩ ያኔውኑ አይቆምም፤ መኪናው ወለሉ ላይ ከተሰመረው ምልክት እስኪደርስ ጥቂት ሴኮንዶች አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሪው ከደረሰና ከተስተካከለ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተስተካከለ መስመሩ ቀጥ ይላል። ክሩ ሲበጠስ የሚቆመው የሳኪቺ መሸመኛ፣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ባሕር ተሻግሮ።

ውጤቱን አንድ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጥናት ለክቶታል። በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ አንድ መኪና ለመገጣጠም 31 የሰው ሰዓት ሲፈጅበት ታካኦካ 16፣ ኑሚ 19 ነበር። ከ100 መኪና የሚገኘው ጉድለት በፍራሚንግሃም 135፣ በታካኦካ 45፣ በኑሚም 45። መለዋወጫ ክምችታቸው ፍራሚንግሃም የሁለት ሳምንት፣ ታካኦካ የሁለት ሰዓት፣ ኑሚ የሁለት ቀን። ከሥራ የሚቀረው ሰው ከ20 በመቶ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። ሕንፃው ያው፣ ሰዎቹም ያው።

ነገሩን ገነት ማስመሰል ግን አልፈልግም። በድሮው ዘመን ሠራተኛው ከ60 ሴኮንድ 45 ያህሉን ይሠራ ነበር፤ በኑሚ 57 ያህሉን። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊዎች «በጭንቀት ማስተዳደር» ብለው ሰየሙት፤ ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ሠራተኛው ይህንን የተቀበለው በምትኩ ያገኘው ነገር ስለነበረ ነው። ውሉ ላይ ኩባንያው ሌላ መንገድ ሁሉ ሳይሞክር ሠራተኛ እንደማያባርር ተጽፎ ነበር። በ1988 ገበያ ጠፍቶ ፋብሪካው ከአቅሙ 60 በመቶ ያህል ብቻ ሲሠራ ቃሉ ተፈተነ። ማንም አልተባረረም፤ ትርፉን ሰው ወደ ሥልጠናና ወደ ማሻሻያ ሥራ አዛወሩት። ሳይፈራ ገመድ የሚስብ ሰው የሚገኘው እንዲህ ካለ በኋላ ነው። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ያልተናገርኩት ገመድ ስላልነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ ቢኖርም አልስበውም ነበር።

ጄኔራል ሞተርስ የተማረውን ለሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ማስተላለፍ አቃተው። በሎስ አንጀለስ በኩል ያለው የቫን ናይስ ፋብሪካ ተሞክሮበት በ1992 ተዘጋ። ገመዱን መስቀል ቀላል ነበር፤ ሲሳብ እየሮጠ የሚመጣ አለቃ ማግኘት ነው ያስቸገረው።

ቶዮታም ቢሆን አልተሳሳተም ማለት አይደለም። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ካሪያ ከተማ የሚገኝ የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለፍሬን የምታገለግል ትንሽ ቫልቭ ለቶዮታ የሚሠራው ከሞላ ጎደል እሱ ብቻ ነበር፤ የነበረውም ክምችት የአራት ሰዓት ነው። የጃፓን የቶዮታ ፋብሪካዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆሙ። እናቴ ብትሰማ «አላልኩም?» ትል ነበር። ግን ከ200 በላይ ኩባንያዎች፣ የስፌት መኪና የሚሠራው ብራዘር ጭምር፣ ሥራቸውን ትተው ቫልቭ መሥራት ጀመሩ፤ በአንድ ሳምንት ገደማ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ቶዮታ ከየት የማይተካ ዕቃ እንደሚመጣለት መዝግቦ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አቅራቢዎቹ የበርካታ ወራት ክምችት እንዲይዙ አደረገ። በ2021 ቺፕ ሲጠፋ ከብዙዎቹ ተቀናቃኞቹ ዘግይቶ የተመታው በዚህ ምክንያት ነው። ጎተራውን ሙሉ በሙሉ አላፈረሱም፤ ለዝናቡ የሚሆነውን ከጥፋት መሸፈኛው ለዩት።

የባሰው ጥፋት በ2009ና በ2010 መጣ። ራሳቸው ይፈጥናሉ በተባሉ መኪኖች ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ተጠራ። የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በፌብሩዋሪ 2010 ዋሽንግተን ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያው ሰው ከሚያሠለጥንበት ፍጥነት በላይ ማደጉንም አመነ። በ2014 ቶዮታ ስለ ችግሩ ለሕዝብ የተሳሳተ መግለጫ በመስጠቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገመዱን የፈለሰፈው ኩባንያ ራሱ፣ ሲሳብ አልሰማ ያለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አገር ቤትም ይህ አሠራር ደርሷል። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓን መንግሥት እንዲረዳ ጠይቀው፣ ከ2009 ጀምሮ በ30 ያህል ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ለዕረፍት ስትሄዱ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈውን አይታችኋል። በአንድ ፋብሪካ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ መጋዘኑ እንደ ጸዳ፣ መፍቻው ሁሉ በቦታው እንደ ተሰቀለ ደስ ብሎት ነገረኝ። «ማሽኑ ድምፅ ሲለውጥ ማቆም ትችላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ! ፎርማኑ ይገድለኛል» አለኝ።

ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ሲከስር ከኑሚ ወጣ፤ ቶዮታም ብቻውን አልቀጥልም አለ። በኤፕሪል 1 ቀን 2010 የመጨረሻዋ ቀይ ኮሮላ ወጣችና ፋብሪካው ተዘጋ፤ 4700 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ቴስላ ሕንፃውን በ42 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በ2012 መኪና ማውጣት ጀመረ። በ2018 የቴስላ ኃላፊ ኢሎን መስክ፣ ሥራውን ከልክ በላይ በሮቦት ለማሠራት መሞከሩ ስህተት እንደ ነበረና ሰውን ዝቅ አድርጎ መገመቱን በአደባባይ ተናገረ። ጃፓኖች በፊደሉ ላይ የጨመሯት «ሰው» የምትለው ምልክት ትዝ አለችኝ።

ሽማግሌው ተሳፋሪዬ በመጨረሻው ቀን እዚያ ነበሩ። ያን ቀን ምን እንደ ተሰማቸው ልጠይቃቸው ስል፣ ፍሪሞንትን አልፈን ሚልፒታስ መግቢያ ላይ ፍሬን ስይዝ፣ ራሳቸውን አዘነበሉና «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ ሐሙስ አስቀይረዋለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ሐሙስ አልፎ ነበር፤ ገበያ ቀዝቅዞ አንድ ቀን መዋል ከብዶኝ ነው።

«ለምን ዛሬ አይሆንም?» አሉኝ።

እሳቸውን አድርሼ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን መብላት ጀምሮ ነበር።